ሁለተኛዋ ቱቦ

መስከረም 25

ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ? ትንሿስ አድጋልሃለች? ሰላምታዬ የሦስታችሁንም ጉንጭ ይሳምልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ ያንን ብርዳችሁንም ያቅልላችሁ። እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው። ልጄ ደህና ናት፤ ፀጉር ቤቱም ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይሄን በስልክ ያልነገርኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ማደሪያችንንና ፀጉር ቤቱን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ ልጄ ስተነፍስ ሳይቀር ትሰማኛለች። ደግሞም ድምፅህን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም። ስጽፍ ግን አላለቅስም፤ ቀለሙ ይበላሽብኛል። ደብዳቤውን የምትሰጥህ ደንበኛዬ ናት። የአውሮፕላን አስተናጋጅ ስለሆነች እኛ ቤት «በራሪዋ» ነው የምንላት። ወደ እናንተ ከተማ ትመላለሳለች፤ ፀጉሯን ስሠራላት ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ።

ባለፈው ሐኪም ቤት የተኛሁት ለሐሞት ጠጠር አልነበረም። ከግራ ጡቴ እብጠት አወጡልኝ። ካንሰር ነው። ብብቴ ውስጥም ገብቷል ብለውኛል።

ይኸው ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ቃሉን በአፌም አውጥቼው አላውቅም። ልጄ አሁንም የሐሞት ጠጠር ነው ብላ ታምናለች፤ የሰባ ነገር እንዳልበላ ትቆጣጠረኛለች። አሁን የመድኃኒቱን ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። የካንሰር ሐኪሙ አስቀምጦ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ዕጢው ሲጎዳ ራሱን መጠገን ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያሳይ ምርመራ አለ። መጠገን የማይችል ከሆነ ለእሱ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ። ምርመራው ግን እኛ ጋ አይሠራም። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። መጀመሪያ ሥራህን ስትነግረኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሥጋ በስሱ እቆርጣለሁ ስትለኝ፣ ሥጋ ቤት የተቀጠርክ መስሎኝ ስንት ቀን አዝኜ ነበር፤ ለካ የዕጢ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ኖሯል።

እባክህ መላ ፈልግልኝ። ፈርቻለሁ። ለልጄ ግን ትንፍሽ እንዳትል።

እህትህ

ጥቅምት 8

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

የልብ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልን፤ እጅሽን አይንሳን። ባለቤቴም ትንሿም ይሳለሙሻል። ትንሿ አምስት ዓመት ሞላት፤ ፀጉሯን ለማበጠር በቀረብን ቁጥር ትሸሻለች፤ «አክስቴ ትምጣና ታበጥረኝ» ትላለች።

ደብዳቤሽን በራሪዋ ካረፈችበት ሆቴል ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ካነበብኩት በኋላ የትኛው አውቶቡስ ወደ ቤት እንደሚወስደኝ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው መክረምሽ አናዶኛል። ቁጣውን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

አሁን ስለ ምርመራው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ቀጭን ክር አለ። ክሩ በየቀኑ ይበጠሳል፤ የእኔም፣ የአንቺም፣ የሁሉም። የተበጠሰውን የሚቀጥሉ ጠጋኞች ስላሉ አይታወቀንም። በአንዳንድ ዕጢ ውስጥ ግን ዋናው ጠጋኝ የለም። እንዲህ ያለው ዕጢ በሁለተኛው ጠጋኝ እየተለጠፈ ነው የሚኖረው። ሐኪሙ የነገረሽ መድኃኒት እንክብል ነው፤ የዚያን የሁለተኛውን ጠጋኝ እጅ ያስራል። ያን ጊዜ ዕጢው ብጣሹን የሚቀጥልለት አጥቶ ይሞታል። ደህናው ሰውነትሽ ዋናው ጠጋኝ ስላለው ይችለዋል።

ለአለቃዬ የእህቴ ነው ብዬ ነገርኳት። ለምርምር በተያዘው ሥራ ውስጥ አብረን እናየዋለን አለችኝ። አንቺ ግን አንድ ነገር መላክ አለብሽ። ሐኪም ቤት ከዕጢው ትንሽ ቆርጠው በሰም ውስጥ ያስቀምጡታል። ጥፍር የምታክል ነገር ናት፤ ቁጥር የተጻፈባት ፕላስቲክ ማቀፊያ አላት። አንዳንድ ቦታ ለታካሚዋ ይሰጧታል። ሰጥተውሽ ከሆነ ላኪልኝ፤ ፀሐይና ሙቀት እንዳይነካት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አትደንግጪ፤ ለሁሉም የሚጠየቅ ነው። ከቤተሰባችን ይሄ በሽታ የነበረባት ሴት ታውቂያለሽ?

ታናሽ ወንድምሽ፣ መነፅር

ጥቅምት 28

ለወንድሜ፣ ለመነፅር፣

እንደምን አለህልኝ? ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ዓይኗን ሳምልኝ። ማበጠሪያ የምትፈራው መነካካት ሲበዛባት ነው፤ ከጫፉ ጀምሩላት። ፈጣሪ ደጃችሁን ይጠብቅ።

ይሄን ያህል የዘገየሁት በራሪዋ መስመር ቀይረውባት ነው ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር። መስመሯንስ ቀይረውባታል፤ ግን እኔም አፍሬ ነው።

ሰሙን ሰጥተውኝ ነበር። ቤት ይዤው ገባሁ፤ ማስቀመጫ አጣሁለት። አልጋዬ ሥር ባደርገው እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተነስቶ ወደ ቦታው የሚመለስ እየመሰለኝ ጡቴን በእጄ ሸፍኜ እተኛለሁ። ልጥለው አልኩ፤ እሱም አላስቻለኝም። የገዛ ሥጋዬን ከተቆረጠ ፀጉርና ከቀለም ጣሳ ጋር ቆሻሻ መኪና ላይ ልጫን? የሰው አካል ነው፣ መቀበር አለበት አልኩና በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በባዶ የቅባት ዕቃ ከድኜ፣ ጓሮ የውሃ ታንከሩ ሥር ቀበርኩት። ሳትስቅ አንብበው። ስቀብረው አልቅሻለሁ።

ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ላወጣው ሄድኩ። ጠዋት ነው፤ ሱቁን ሳንከፍት። ቀለም በምንበጠብጥበት ማንኪያ ስቆፍር ልጄ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ምን ጠፋሽ አለችኝ። ጉትቻዬ ወደቀብኝ አልኳት። ደግ ልጅ አይደለች፣ ተንበርክካ አብራኝ መፈለግ ጀመረች። እኔ ወዲህ ስቆፍር እሷ ወዲያ፤ ዕቃውን ያገኘችው እሷ ሆነች። ከፈተችው።

«እማዬ፣ ይሄ ሳሙና ምንድን ነው?»

የፀጉር ማንሻ ሰም የሚያዞረው ነጋዴ የሰጠኝ ናሙና ነው አልኳት። ታዲያ ለምን ቀበርሽው አለች። ሙቀት እንዳያቀልጠው ብዬ አልኩ። ራሴንም የሚያሳምን መልስ አልነበረም። እሷ ግን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ምንም አይሸትም፣ ይሄ ነጋዴ አታሎሻል ብላ ሰጠችኝና እጇን ልትታጠብ ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ለጠየቅኸኝ መልስ፦ በእማዬ በኩል እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። በአባባ በኩል ደግሞ ሴት የሚባል ነገር በቤቱ አልነበረም፤ እሱም አባቱም ወንድ በወንድ ሆነው ነው ያደጉት፤ አክስት የለን፣ የአክስት ልጅ የለን። ለሐኪሙም «የለም» ብዬ ነው ያስጻፍኩት። ለምን እንደምትጠይቀኝ ግን አልጻፍክም።

እህትህ

ኅዳር 14

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ይድረስ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የፈራሽው ይራቅልሽ። ባለቤቴ በየቀኑ ታነሳሻለች። ትንሿን ከጫፉ ጀምረን አበጠርናት፤ አላለቀሰችም።

ሰሙ በደህና ደርሷል። አፈሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ይመስለኛል ምንም አልሆነም። በማቀፊያው ጥግ ላይ የአፈር ቅንጣት ተቀምጣ ነበር፤ ባልደረባዬ ምንድን ነው ስትለኝ አቧራ ነው አልኳት። እኔ እንድቆርጠው አለቃዬ አልፈቀደችም፤ የዘመድ ሥጋ ላይ እጅ ይስታል አለች። ባልደረባዬ ስትቆርጠው አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ቁራጩ ከምላጩ ላይ ተነስቶ ለብ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። በዚያን ቀን ግን ዞር ብዬ መስኮት ማየት ነበረብኝ።

አሁን ውጤቱን ልንገርሽ። በደህና ሕዋስ ውስጥ ክር ሲበጠስ ጠጋኞቹ ተሯሩጠው ቦታው ላይ ይሰበሰባሉ። እኛ ቀለም እንቀባቸዋለን፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረንጓዴ ነጥብ ሆነው ያበራሉ። በአንቺ ዕጢ ውስጥ የተበጠሰው መዓት ነው። ነጥቡን ግን ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም። አለቃዬ ደግማ አየችው። ዕጢሽ ራሱን መጠገን አይችልም። እትዬ፣ ይሄ ለሕክምናሽ ደህና ዜና ነው። ሐኪምሽ መድኃኒቱን በዚህ ይመርጥልሻል፤ እንክብሉም ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። የተፈረመበት ወረቀት አብሮ አለ።

ለምን ጠየቅኸኝ ላልሽው፦ ዋናው ጠጋኝ አንዳንድ ጊዜ የሚጠፋው ከዕጢው ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሰውየው ገና ሲወለድ ጀምሮ ጉድለቱ በደሙ አለ፤ ከእናቱ ወይም ከአባቱ የመጣ ነው። በአባት በኩል ከሆነና ቤቱ ወንድ በወንድ ከሆነ ማንም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ያለበት ሰው ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ይሄን ለማወቅ ምራቅ ይበቃል። ቱቦ ልኬልሻለሁ። መስመሩ ድረስ ትፊበትና በደንብ ትከድኚዋለሽ።

መነፅር

ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ላደረግህልኝ ሁሉ እጅህ ይባረክ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ስሰጠው ከወንበሩ ተነስቶ አነበበው። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። መድኃኒቱን መርጦ ጀመረልኝ። በሦስት ሳምንት አንዴ ክንዴ ላይ ተሰክቶ ሲንጠባጠብ እውላለሁ። ልጄን ዕቃ ልገዛ ጅምላ ተራ ሄድኩ እላታለሁ፤ ባዶ እጄን ስመለስ ዋጋው አይቀመስም እላለሁ። ያቅለሸልሸኛል፤ ለሱም የቀለሙ ሽታ ነው ብያታለሁ። ፀጉሬ ሲረግፍ ግን የምለው አጣሁ። የሰው ፀጉር ሳሳምር የኖርኩ ሴት ጠዋት ተነስቼ ትራሴን በመጥረጊያ እጠርጋለሁ። ከመደርደሪያ አንድ ዊግ አወረድኩና ደፋሁ። ደንበኞቼ ማን ሠራሽ፣ አማረብሽ አሉኝ። ሁለቱ እንደሱ አድርጊልን ብለው ቀጠሮ ይዘዋል።

አሁን ስለ ቱቦው። መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። መትፋት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሴትዮ፣ በስተእርጅና ምራቄን በአውሮፕላን ልላክ? ከዚያ የላክልኝን ሳጥን ከፍቼ ሳይ ሳቄ ጠፋ።

ቱቦ ልኬልሻለሁ ነው ያልከኝ። ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ላይ ስሜን ጽፈሃል። ሁለተኛዋ ላይ ምንም አልጻፍክም። የማን እንደሆነች አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ለመጻፍ ግን እጅህ ፈርቷል።

እኔ አልተፋም። ተናደድብኝ ከፈለግህ። የኔ ነገር ታውቋል፤ መድኃኒቴን አግኝቻለሁ፤ ለኔ ከዚህ ወዲያ ምን ይጨምርልኛል? ከተፋሁ የምትታወቀው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትላንት ደረጃ ላይ ወጥታ መብራት ስትቀይር እየዘፈነች ነበር። እኔ እስካላወቅሁ ድረስ ልጄ ደህና ናት። አንተ እኩል በእኩል ብለሃል፤ እኔ ጥሩውን እኩሌታ ይዣለሁ፣ ተወኝ። ቱቦዎቹን የቀለም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከላይ አድርጌያቸዋለሁ። ያንን ነገር ድጋሚ አታንሳብኝ። ስለ አየሩ ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥር 3

እትዬ፣

ስለ አየሩ ጻፍልኝ ብለሻል። ሰሞኑን ፀሐይ የለም። መንገዱ ያዳልጣል። ወደ ሥራ ስሄድ አጥር እየያዝኩ ነው የምራመደው።

እኔም ተፍቻለሁ። ያንቺን ውጤት የጻፍኩልሽ ሰሞን ነው። መልሱ መጥቷል። አንቺ ካልጠየቅሽኝ አልነግርሽም፤ እንደማልነግርሽ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ቱቦዎቹ አይበላሹም፤ ቢቆዩም ችግር የለውም።

መድኃኒትሽን አታቋርጪ።

መነፅር

ጥር 24

ለወንድሜ፣

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ከአንተ ደርሶኝ አያውቅም። ባለቤትህን አላነሳህም። የትንሿንም ነገር አላነሳህም፤ ፀጉሯን ተበጠረች አልተበጠረች የለም። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ነጻ ብትሆን ኖሮ ገና ፖስታው ላይ ትጽፈው ነበር፤ አውቅህ የለ። ስለዚህ አልጠይቅህም። አውቄዋለሁ። አንተም አለብህ፤ የአባባ ነው ማለት ነው፤ ከሱ ወደ ሁለታችንም መጥቷል።

ያን ለት ሥራ አልሆነልኝም። ደንበኛ ራስ ላይ ቀለም ቀብቼ ሰዓቱን ረስቼ ቆሜ፣ ሴትየዋ ራሴ ተቃጠለ ብላ ጮኸችብኝ። ጥሩውን እኩሌታ ይዣለሁ ብዬህ ነበር። አንተ እዚያ በፍርሃት ስትሞት፣ እኔ እዚህ ተሸፋፍኜ ደህና ነኝ እላለሁ። ትንሿንም አሰብኳት።

ሰኞ ሱቃችን ዝግ ነው። ጠዋት ልጄን ጠርቼ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩና ዊጉን አወለቅሁ። እዚህም እዚያም የቀረውን ፀጉሬን አየች። ማሽኑን ሰጠኋትና ላጪልኝ አልኳት። ፊት ለፊት እያየኋት መናገር ስላቃተኝ ነው፤ ከኋላዬ ቆማ ስትላጭ እኔ ለመስታወቱ ነገርኩት። የሐሞት ጠጠር ሳይሆን ካንሰር እንደነበረ፣ ብብቴ ውስጥ እንደገባ፣ ጅምላ ተራ እንደማልሄድ። እጇ አላቆመም። ስለ ሰሙ ስነግራት ግን ማሽኑ ቆመ።

«እኔ እኮ በእጄ ይዤዋለሁ» አለች። «አሽትቼዋለሁ። አንቺ እያየሽኝ።»

ስለ ሁለተኛዋም ቱቦ ነገርኳት። መደበቅ ሰለቸኝ፤ ወይም ፈራሁ፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ማሽኑን አጥፍታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የራሴ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ አለ። አሁንም እንደዚያው ነኝ፤ ሌላውን ግማሽ መላጨት አልቻልኩም፣ ዊጉን ደፍቼበታለሁ።

የሄደችው ሩቅ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ተቀጥራለች። የዚያን ፀጉር ቤት ባለቤት እኛ «ማዶኛዋ» ነው የምንላት፤ ስንት ዓመት ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን። ማደሪያም ሰጥታታለች። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ መስታወት አያታለሁ፤ የሰው ራስ ታጥባለች፣ ትስቃለች፤ ወደኔ ግን ቀና አትልም። ቁም ሣጥኑን ስከፍት አንድ ቱቦ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛዋን ይዛት ሄዳ ይሁን ጥላት አላወቅሁም።

የኔን ተፍቼ ልኬልሃለሁ። መልሱን ባውቀውም ላከው።

እህትህ

የካቲት 19

ለማከብርሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ እናትም እህትም ለሆንሽኝ እትዬ፣

ሰላምታ ስላስቀረሁብሽ ይቅር በይኝ፤ የዛሬውን ደርቤ ልላክልሽ። ጤና ስጣት ብዬ የማልለምንበት ጠዋት የለም። ባለቤቴ እንደ እህቷ ታለቅስልሻለች። ትንሿ ፊደል መቁጠር ጀምራለች፤ ስምሽን ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።

ልክ ነሽ፤ አለብኝ። ያንቺም መልስ መጥቷል፤ ያው ነው። ፈርቻለሁ እትዬ። የምፈራው ለራሴ አይደለም፤ ወንድ ላይ ብዙም አይበረታም ይላሉ። ትንሿን ሳጥባት እፈራለሁ። አድጋ ራሷ እስክትወስን ድረስ አትመረመርም፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ ሳላውቅ ነው የማሳድጋት። አንቺ ላለማወቅ ስትለምኚኝ የተቆጣሁትን ያህል፣ አሁን አለማወቁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሌላ የምነግርሽ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዳትጠይቂኝ። በራሪዋ ሁለት ፖስታ ነው የሰጠችኝ። አንዱ ያንቺ ነበር። ሌላውን ልጅሽ ማዶኛዋ ቤት የበራሪዋን ፀጉር ስትሠራ ሰጥታታለች። ውስጡ ቱቦዋ ነበረች፤ መስመሩ ድረስ ሞልታለች፤ ስሟን በራሷ እጅ ጽፋለች። ከቱቦዋ ጋር ሁለት መስመር አለ፦ «አጎቴ፣ መልሱን ለእኔ እንጂ ለእማዬ እንዳትነግር። እሷም አልነገረችኝም።»

እኔም አላየውም፤ አለቃዬን እንዳታሳየኝ ለምኛታለሁ። ይሄን ሥራዬ ብላ የያዘች ባለሙያ አለች፤ ስልክ ደውላ ለልጅሽ ራሷ ትነግራታለች። እስከዚያ እኔም እንዳንቺ ጠባቂ ነኝ።

መነፅር

መጋቢት 27

ለወንድሜ፣

ሰላም ለቤትህ፣ ሰላም ለባለቤትህ። ስሜን ለጻፈችው እጅ ሺህ ዓመት ይስጣት። እኔ እየበረታሁ ነው፤ ጠብታው አልቋል፣ እንክብሉን ጀምሬያለሁ። ራሴ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር የሚለሰልስ ነገር ብቅ ብሏል።

ስትጽፍልኝ አትጠይቂኝ አልከኝ፤ አልጠየቅሁህም። ግን ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። ከሱቄ የመስኮት መስታወት ሥር ወንበር አዙሬ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲመጣም ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር የምሠራው፤ ብርሃን ፈልጌ ነው እላቸዋለሁ። ማዶ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምሰማው ይመስለኛል። ፊቷን አያለሁ፤ ሳቀች፣ እንግዲያው ደህና ናት እላለሁ፤ ፊቷ ጠቆረ፣ እንግዲያው አለባት እላለሁ። እብድ ሆኜ ነበር።

አንድ ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወጣች። በማዶኛዋ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ እጇ ላይ አሁንም የቀለም ጓንት አለ። ብዙ አልተናገረችም፣ ስትሰማ ነበር። መኪና መሃላችን ያልፋል፤ አንዴ አያታለሁ፣ አንዴ ትሰወርብኛለች። ሲያልቅ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ ቀና ብላ ቀጥታ አየችኝ። ከወጣች ወዲህ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ገብታ የጀመረችውን ራስ ጨረሰች። ከፊቷ ያነበብኩት አንድም ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍታ ገባች። ቦርሳዋን ማስቀመጫው ላይ ሰቀለች፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አለብኝ» አለች።

ስጠብቀው የከረምኩት ቃል ነው፤ ግን ስሰማው ምንም አልተዘጋጀሁም። አባቴ የሰጠኝን ለሷ ሰጠኋት። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት ተይው አለችኝ። ባለሙያዋ ሁሉንም አስረድታታለች፤ በየጊዜው መታየት አለባት፤ እስካሁን በሽተኛ አይደለችም፤ ምናልባትም አትሆንም። ከማዶኛዋ ጋር ተሰናብታለች፤ ደሞዝ ከጨመርሽልኝ እዚህ እሠራለሁ አለች። ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመና አየችኝ።

«ሴትየዋ ጡቴ ላይ እብጠት እንዴት እንደምፈልግ ነገረችኝ፤ አልገባኝም» አለች። «አንቺ ያንን እንዴት አገኘሽው? የትኛው ቦታ ላይ? ሲነካ ምን ይመስላል?»

በሩን ዘጋሁ፤ መጋረጃውን አወረድኩ። ሸሚዟን ከፈተች። ሕፃን ሆና ካጠብኳት ወዲህ እንዲህ አላየኋትም። እጄ ቀዝቃዛ ነበር፣ በሙቅ ፎጣ አሞቅሁት። የመጀመሪያውን ቀን ነገርኳት፤ ቅባት ስቀባ ጣቴ እንደተደናቀፈ፣ የደረቀ አተር እንደምታክል፣ ስገፋት እንደማትንቀሳቀስ፣ እንደማታም። የማያም ስለሆነ ምንም አይደለም ብዬ ወራት እንደተውኩትም ነገርኳት። ጣቷን በጣቴ ላይ አድርጋ ከብብቷ ጀምረን በዝግታ ዞርን። እኔ ቀዶ ሕክምና ስገባ እንደዚያ አልፈራሁም። ላገኘው የማልፈልገውን ነገር በገዛ እጄ በልጄ ገላ ላይ እፈልጋለሁ።

ሁለቱንም ጨረስን።

«ምንም የለም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ። እጄን ማንሳት ግን አቃተኝ፤ «ቆይ» አልኳትና እንደገና ከብብቷ ጀመርኩ።

እህትህ